ባዮዲዝል፣ የከተማ አውቶቡስ እና የእናንተ ማሳ
ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



ዛሬ ከዘር፣ ከማዳበሪያና ከተባይ መከላከል ወጣ ያለ ርዕስ ይዤ ስለመጣሁ «የከተማ አውቶቡስ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘን ነገር አለ። አውቶቡሱ የሚነዳበት ነዳጅ ከቅባት ፍሬ ሊሠራ ይችላል፤ ፍሬውን የሚያመርተው ደግሞ አርሶ አደር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «ጃትሮፋ ትከሉ፣ ጉሎ ዝሩ፣ ለነዳጅ እንገዛለን» የሚል ሰው ወደ ቀበሌያችሁ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ የሚያየው እናንተን ነው። እናንተ ከተከላችሁ ሌላውም ይተክላል፤ እናንተ ከከሰራችሁ ሌላውም ይከስራል። የዚህ ገለጻ ዓላማ እንዲህ ላለው ሰው በስሜት ሳይሆን አስልታችሁ መልስ እንድትሰጡ ነው።

1. ባዮዲዝል ምንድን ነው?

ባዮዲዝል ከዕፅዋት ዘይት ወይም ከእንስሳት ሞራ ተሠርቶ በናፍጣ ሞተር የሚነድ ነዳጅ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል።

ነገር ግን የተጨመቀ ዘይትን እንዳለ ወደ ትራክተር ወይም ወደ ውኃ ፓምፕ መጨመር ሞተሩን ይጎዳል። ዘይት ከናፍጣ እጅግ ይወፍራል፤ ሳይነድ የቀረው እየጠቆረ ነዳጅ የሚረጭበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ስለዚህ አስቀድሞ ሜታኖል ከሚባል አልኮል ጋር መዋሃድ አለበት። 100 ኪሎ ዘይት ከ11 ኪሎ ገደማ ሜታኖል ጋር ሲዋሃድ 100 ኪሎ ገደማ ባዮዲዝል ይወጣዋል፤ ቀሪው ለሳሙናና ለመሳሰሉት የሚሆን ግሊሰሪን ነው። ሜታኖል ቢጠጣ ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል፣ በቀላሉም የሚቀጣጠል ነገር ነው። ይህ የፋብሪካ ሥራ ነው፤ በጓሮ አትሞክሩት።

2. አውቶቡሶቹ ምን አሳዩን?

በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2002 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 155 የከተማ አውቶቡሶች የዘወትር ተሳፋሪያቸውን እየጫኑ ባዮዲዝል ተሞከረባቸው። ናፍጣው ላይ 5 በመቶ ወይም 20 በመቶ ባዮዲዝል ይቀላቀል ነበር። በዓመቱ 550 ሺህ ሊትር ገደማ ንጹሕ ባዮዲዝል ጥቅም ላይ ዋለ።

የሞንትሪያል ብርድ ውኃን ብቻ ሳይሆን ነዳጅንም የሚፈትን ነው። ቅቤ በብርድ ጠዋት እንደሚረጋ ሁሉ ባዮዲዝልም በብርድ ይረጋል። ያም ሆኖ ድብልቁ የበረዶውን ወቅት አልፎ ሠራ፤ የአውቶቡሶቹን ሞተር መቀየርም አላስፈለገም። በጠቅላላው ባዮዲዝል ሲቀላቀል የጢሱ ጥላሸት ይቀንሳል። ጥንቃቄ የሚሻው አሮጌ የነዳጅ ታንከር ነው፤ ባዮዲዝል የቆየ ቆሻሻን አጥቦ ስለሚያወርድ በመጀመሪያው ጊዜ የነዳጅ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል።

አሁን እናንተን የሚመለከተው ጥያቄ ይመጣል፤ ዘይቱ ከየት ተገኘ? ከዕፅዋት ዘይት፣ ከእንስሳት ሞራና ከምግብ ቤቶች ከተሰበሰበ ያገለገለ የመጥበሻ ዘይት ነበር። በኦስትሪያ የግራትስ ከተማም አውቶቡሶች ያገለገለ የምግብ ዘይት ተጣርቶ በተሠራ ባዮዲዝል ተንቀሳቅሰዋል። ያገለገለ ዘይት የተመረጠበት ዋናው ምክንያት ዋጋው ነው። ባዮዲዝል ለማምረት ከሚወጣው ወጪ ሦስት አራተኛ ያህሉ የዘይቱ ዋጋ ነው።

እንግዲህ አውቶቡሱ እንደሚሄድ ታይቷል። ያልተመለሰው ጥያቄ ፍሬውን ላመረተው ሰው ምን ይተርፈዋል የሚለው ነው።

3. እናስላው

ከጃትሮፋ ፍሬ አንድ ሊትር ዘይት ለመጭመቅ 4 ኪሎ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል። የሞንትሪያልን 550 ሺህ ሊትር በሙሉ ከጃትሮፋ እናምርት ብንል 22 ሺህ ኩንታል ፍሬ ሊኖረን ይገባል። ከአንድ ሄክታር 10 ኩንታል ብናገኝ 2 ሺህ 200 ሄክታር መሬት ማለት ነው። ይህ ሁሉ የናፍጣቸውን አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በታች ብቻ ለመተካት ነው። 10 ኩንታሉም ዝናብ ባነሰበትና አፈሩ በተጎዳበት ቦታ በቀላሉ አይገኝም፤ ተክሉ በደንብ ማፍራት የሚጀምረውም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኪሳችሁ እንምጣ። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ሊትር ናፍጣ 100 ብር ነው እንበል። ባዮዲዝሉ ከናፍጣ እንዳይወደድ ከተፈለገ ለዘይቱ የሚተርፈው 75 ብር ነው። ለአራት ኪሎ ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ፍሬ 18 ብር ከ75 ሳንቲም ይደርሳል። ከዚህም ላይ የመጭመቂያው፣ የመጓጓዣውና የነጋዴው ድርሻ ይቀነሳል። ምንም ባይቀነስ እንኳ የ10 ኩንታል ሽያጭ 18 ሺህ 750 ብር ነው። የለቀማና የፍልፈላ ጉልበት ገና አልታሰበም።

እቤታችሁ ስትገቡ በዕለቱ የናፍጣ ዋጋ ይህንኑ ስሌት ድገሙት። ከጎኑ ከአንድ ሄክታር በቆሎ፣ ማሽላ፣ ኑግ ወይም ሰሊጥ የምታገኙትን ጻፉ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

4. በአገራችን የታየው

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አውጥታለች። በዚያን ጊዜ በጃትሮፋና በጉሎ ላይ ብዙ ባለሀብት መጣ። «በደረቅና በተጎዳ መሬት ይበቅላል፣ እንክብካቤ አይፈልግም» ተባለ። ተክሉ በደረቅ መሬት መቆሙ እውነት ነው። ነገር ግን መቆምና ማፍራት ይለያያሉ። በርካታዎቹ ሥራውን አቋርጠው ወጡ። ጉሎ በውል የዘሩ አርሶ አደሮችም ከተነገራቸው በታች ምርት አግኝተው የምግብ ሰብል የሚዘሩበት ወቅት ያለፈባቸው ነበሩ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

5. ታዲያ ምን እናድርግ?

ሀ. የምግብ ማሳችሁን አትንኩ። ጃትሮፋ ቦታው አጥር፣ የእርከን ጠርዝና ቦረቦር ነው። በባቲና በአካባቢው «አይደርቄ» እየተባለ በአጥርነት ይታወቃል። ከብት አይበላውም፣ ከቁርጥራጭ ግንዱ ይበቅላል፣ አፈር ይይዛል። ፍሬው ገዢ ቢያጣ እንኳ አጥሩ ይቀርላችኋል።

ለ. የጃትሮፋም የጉሎም ፍሬ መርዛም ነው። ልጆች እንዳይቀምሱት አስተምሩ። ከጭመቃ የሚቀረው ፋጉሎ እንደ ኑግ ፋጉሎ ለከብት አይሰጥም፤ ተብላልቶ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

ሐ. ጉሎ ያላችሁ ገዢን በነዳጅ በኩል ብቻ አትፈልጉ። የጉሎ ዘይት እጅግ ወፍራም በመሆኑ ብቻውን ለባዮዲዝል አይመችም። ለመድኃኒት፣ ለሳሙና፣ ለቀለምና ለማሽን ቅባት ግን ተፈላጊ ነው።

መ. ውል ሳትፈርሙ እነዚህን ጠይቁ። ዋጋው በጽሑፍ ተቀምጧል ወይ? ፍሬውን የት ድረስ አምጡ ይሉናል? መጭመቂያው አሁን ቆሞ ይሠራል ወይስ ገና ሊተከል ነው? ምርቱ ቢያንስ ወይም ገዢው ቢቀር ኪሣራው የማን ነው? ውሉን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁና ለኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ አሳዩ። ለብቻ ከመፈራረም በማኅበር መደራደር ይሻላል።

ሠ. መሞከር ከፈለጋችሁ በአጥር ዙሪያ በጥቂት ተክል ጀምሩ። በየዓመቱ ስንት ኪሎ እንደለቀማችሁና ስንት ቀን እንደፈጀባችሁ መዝግቡ። ገዢ ሲመጣ ከእሱ ወረቀት ይልቅ የእናንተ መዝገብ ይታመናል።

የተከበራችሁ አርሶ አደሮች፣ አዲስ ነገር አትሞክሩ እያልኩ አይደለም። በመሞከራችሁ ነው ሞዴል የተባላችሁት። የሞንትሪያል ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በተወሰኑ አውቶቡሶች ሞከሩ፣ መዘኑ፣ ውጤቱን ጻፉ። እናንተም በጠርዝ ሞክሩ፣ መዝኑ፣ ጻፉ። ጎተራችሁን የሚሞላውን ማሳ ግን ለሙከራ አትስጡ።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።