በየቀኑ ለሚሠራ መኪና የሚስማማው ቱርቦ የቱ ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመኪና ጥናት ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ክበባችን እንዲናገር ዕድል ስለ ተሰጠው ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ከእኛ በፊት የተነሡት ጓደኞቻችን ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ታሪክ ተናግረዋል፤ እኛ ግን እጃችን በዘይት የጠቈረ ስለ ሆነ በምናውቀው ነገር ብንናገር ይሻላል ብለን ስለ ቱርቦ አመራረጥ ልናስረዳችሁ ተነሥተናል። «ይህ የመካኒኮች ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ቤተ ሰቦች የብዙዎቹ እንጀራ በመኪና ላይ የተመሠረተ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተወሰነ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቈየት የብዙ ሰው ጭንቀት ሆኗል። ታዲያ ይህን አሮጌ ሞተር ጕልበት እንጨምርለታለን ብለን እንዳንገድለው ምን ማወቅ ይገባናል? ንግግራችን ይህ ነው።

በመጀመሪያ ቱርቦ ምን እንደ ሆነ እንናገር። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ቤንዚን አቃጥሎ ብዙ ኀይል ይሰጣል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ግን ብዙ ኀይል ይዞ በከንቱ ይባክናል። አልፍሬድ ቡኺ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 በዚሁ በሚባክነው ጭስ አንድ መዘውር ማዞር፣ በዚያው ዘንግ ጫፍ ባለው በሌላው መዘውር ደግሞ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ማስገባት እንደሚቻል አስቦ የፈጠራ መብት አወጣበት። ቱርቦ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ በአንድ በኩል እንደ ፍም የጋለ ጭስ፣ በሌላው በኩል ከውጭ የመጣ አየር ያገኘዋል፤ በመካከል ተሸክሞ የሚያቈየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ይህን የዘይት ነገር አደራ እንዳትረሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህ መሣሪያ ለእኛ አገር ከሌላው ይልቅ የሚመለከት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 100 የፈረስ ጕልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር እዚህ ወደ 75 ይወርዳል። የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ መኪናው የሚያቃስተው አርጅቶ ብቻ አይደለም፤ አየር ስላጠረውም ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶ ሞክሮት ነበር። ቦታው ከራስ ዳሸን ጥቂት ዝቅ የሚል፣ 4,300 ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ ያለ ቱርቦ 230፣ በቱርቦ 356 የፈረስ ጕልበት ሰጠ፤ ይኸውም ቈላ ሳለ ከሚሰጠው ጋራ እኩል ማለት ነው። የደጋ ሰው ቱርቦ ቢመኝ እንግዲህ አይፈረድበትም።

ዳሩ ግን ምኞትና አመራረጥ ለየብቻ ናቸው። አሁን ከመካከላችን በአንዱ ቤት የደረሰውን እንንገራችሁ፤ ባለቤቱ ፈቅዶልናል።

የዚህ ጓደኛችን አባት ባለ 1.6 ሊትር ሞተር አሮጌ የቤት መኪና አላቸው፤ በኮንትራት መንገደኛ እያመላለሱ አራት ልጆች ያሳድጉበታል። ታላቅ ወንድሙ አባቱን ለማስደሰት ብሎ ገንዘብ አጠራቀመና ከትልቅ መኪና የወለቀ ያገለገለ ቱርቦ ገዝቶ በአንድ ጋራዥ አስገጠመው። መካኒኩ ግፊቱን 0.8 ባር ላይ አደረገው። የአየር ማቀዝቀዣ አልተገጠመለትም፤ ኢንጀክተር የሚባሉት የቤንዚን መርጫዎችም የጥንቶቹ ነበሩ። በአዲስ አበባ ሲሞከር መኪናው ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ዘለለው፤ ሰፈሩም አጨበጨበ። እኛም ካጨበጨቡት መካከል ነበርን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባትየው መንገደኛ ጭነው ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። የአዋሽን ድልድይ አልፈው፣ መንገዱ ሜዳ፣ ፀሐዩም ብርቱ በሆነበት ቦታ ሞተሩ እንደ ጠጠር ማንኳኳት ጀመረ፤ ጥቂት ቈይቶም ነጭ ጭስ ለቆ ቆመ። ሲፈታ ከፒስተኖቹ የአንዱ ራስ ቀልጦ ተበስቷል። ያ ፒስተን በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ነው፤ ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ እዩት። መኪናው አራት ወር ያለ ሥራ ተገትሮ ቈየ። ጓደኛችንም በዚያ ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ሊፈልግ ተነሥቶ ነበር፤ የከለከሉት አባቱ ናቸው። ልጃቸውንም አልተቈጡም፤ «ልጄ፣ እኔ ከመኪናው የምፈልገው ማታ ቤቴ እንዲመልሰኝ ነው» ብቻ አሉት።

ክበባችን ነገሩን በቍጥር መረመረው። የቱርቦ መለኪያ የሚያሳየው በአካባቢው አየር ላይ የተጨመረውን ግፊት ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነውና 0.8 ሲጨመርበት ወደ ሞተሩ የሚገባው 1.56 ይሆናል። በአዋሽ ግን፣ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ስለሚወርድ፣ የአየሩ ግፊት 0.9 ያህል ነው፤ በዚያ ላይ 0.8 ሲጨመር 1.7 ይሆናል። መለኪያው ያው ነው፤ ሞተሩ የሚውጠው አየር ግን ጨምሯል። ኢንጀክተሮቹ በአዲስ አበባ ሳሉ የመጨረሻ አቅማቸው ላይ ስለ ነበሩ ለተጨመረው አየር የሚበቃ ቤንዚን መስጠት አልቻሉም። አየር ሲጨመቅ ደግሞ ይግላል፤ በስሌታችን መሠረት ማቀዝቀዣ የሌለው ያ አየር ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ከ100 ዲግሪ በላይ ነበር። ቤንዚን ያነሰውና የጋለ ድብልቅ ካንዴላው ከለኰሰው እሳት በሥርዓት እየነደደ መሄድ ሲገባው ያልደረሰው ክፍል በራሱ ፈነዳ፤ የሰማነው ማንኳኳት ይኸው ነው። ፒስተኑን ያቀለጠውም እሱ ነው። እንግዲህ መኪናው የተሞከረው በአንድ ከተማ፣ የሚሠራው ግን በአገሩ ሁሉ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር በቅደም ተከተል እንሰጣለን።

አንደኛ፤ መኪናው ቱርቦ ያስፈልገዋል ወይ? ብሎ መጠየቅ ነው። የቈሸሸ ፊልትሮ፣ ያረጀ ካንዴላ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ያለበት መኪና የሚሻው ቱርቦ ሳይሆን ጥገና ነው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ ያልቸገረንን ገዝተን የባሰ ችግር ውስጥ እንዳንገባ። የሚያስፈልግ ከሆነም የሚሻለው ከፋብሪካው ባለ ቱርቦ ሆኖ የተሠራ መኪና መያዝ ነው፤ ፒስተኑ፣ ዘይቱ፣ ማቀዝቀዣውና ኮምፒውተሩ ተስማምተው አብረው የተሠሩ ናቸውና።

ሁለተኛ፤ ሞተሩን መመርመር ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጭመቅ ኀይል በመሣሪያ ይለካ። በሲሊንደሮቹ መካከል ከመቶ አሥር የሚበልጥ ልዩነት ከተገኘ ሞተሩ የራሱን ሸክም እንኳ በቅጡ አልተሸከመም፤ ሌላ አይጫንበት። ፋብሪካው ያለ ቱርቦ የሠራው ሞተር ድብልቁን ራሱ አጥብቆ የሚጨምቅ ስለ ሆነ ብዙ ግፊት አይችልም። ይህን አሜሪካኖች በ1962 በአቈጣጠራቸው አይተውታል። ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለው መኪና የመጭመቂያ ልኩ 10.25 ለ1 ነበርና እንዳያንኳኳ ውሃና ሜታኖል የተደባለቀበት ፈሳሽ ይጨመርለት ነበር። ብዙ ባለቤቶች ፈሳሹን መሙላት ረሱ፤ መኪናውም ከ1963 በኋላ አልተሠራም። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ባለቤቱ ሁልጊዜ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር ማብዛት ደካማ ምርጫ ነው።

ሦስተኛ፤ የቱርቦው መጠን ነው። በከተማ የሚነዳ ሰው ሞተሩን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 3,500 ዙር ባለው ውስጥ ያሠራዋል። ትልቅ ቱርቦ በዚህ መካከል ተኝቶ ይቈይና ሳይታሰብ ይነቃል፤ ቶሎ የሚነቃው አነስተኛው ነው። ሳብ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977 ያሳየው 99 ቱርቦ በዚህ ምሳሌ ይሆነናል፤ በ2 ሊትር ሞተር ላይ አነስተኛ ቱርቦ ከትርፍ ጭስ ማሳለፊያ በር ጋራ አድርጎ 145 የፈረስ ጕልበት ሰጠ፤ ኀይሉም ለዕለት ተዕለት መንገድ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ዳሩ ግን የደጋ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በባሕር ዳርቻ 1.4 ባር ለማስገባት ቱርቦው አየሩን 1.4 እጥፍ ይጨምቃል፤ በአዲስ አበባ ያንኑ ለማግኘት 1.84 እጥፍ መጭመቅ አለበት፤ ስለዚህ እጅግ ፈጥኖ ይሽከረከራል። ከመጠን በላይ ትንሽ የሆነ ቱርቦ በዚህ ይሰበራል። የፋብሪካውን የአሠራር ሰንጠረዥ በራሳችን አየር አስልተን እናንብብ እንጂ የውጭ አገር ሰው የመረጠውን አንቅዳ።

አራተኛ፤ የግፊቱ ልክ ነው። በዚህ ነገር ደጋው ለትዕግሥተኛ ሰው ይመቻል። 0.3 ባር ብቻ ብንጨምር 0.76ቱ 1.06 ስለሚሆን ከፍታው የነጠቀን በሙሉ ይመለሳል። 0.4 ብንጨምር ደግሞ የምናስገባው አየር ከቀድሞው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ለየቀኑ ሥራ ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈልጋል? በዚህ ልክ እንቁም። ኮምፒውተሩም ጠቅላላውን ግፊት በሚለካ መሣሪያ ቤንዚኑንና የካንዴላውን ጊዜ እንዲያስተካክል ይደረግ፤ ሙከራው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በቈላም፣ ጭነት ይዞም ይፈጸም።

አምስተኛ፤ ገንዘቡን ማከፋፈል ነው። ያለውን ሁሉ ለቱርቦው የሚከፍል ሰው ለማቀዝቀዣው፣ ለኢንጀክተሩ፣ ለራዲያተሩና ለፍሬኑ የሚተርፈው የለም። ፈጥኖ የሚሄድ መኪና ፈጥኖ መቆም አለበት። ለእነዚህ ገንዘብ ካልበቃ ቱርቦው ይቈይ።

ስድስተኛና የመጨረሻው፤ ዘይት ነው። ወደ ቱርቦው የሚሄደው ዘይት ንጹሕ ይሁን፤ ከቱርቦው የሚመለስበት ቱቦ ደግሞ ሰፊና ያለ ጕብጠት ወደ ታች የሚወርድ ይሁን፤ ዘይቱ የሚመለሰው በክብደቱ ብቻ ነውና። መመለሻው ከታፈነ ዘይቱ በመዝጊያው አልፎ መንጠባጠብና መጨስ ይጀምራል፤ ሰውም ቱርቦው ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። የአየር ፊልትሮ ሳይኖር መንዳትም አይገባም፤ አቧራው የመጭመቂያውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ረጅም ዳገት ወጥተን ስንቆም ወዲያው ሞተሩን አናጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። አለዚያ በጋለው ዘንግ ዙሪያ የቀረው ዘይት አርሮ ከሰል ይሆናል።

የጓደኛችን አባት መኪና ዛሬ በሌላ ፒስተን ያለ ቱርቦ እየሠራ ነው፤ ዳገት ላይ እንደ ቀድሞው ያቃስታል። ታላቅ ወንድሙም አሁን ከክበባችን ጋራ ሆኖ ያንኑ ሞተር ይለካል፤ 0.4 ባር የሚበቃውን ቱርቦ እየፈለገ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ለመግዛት ግን ገንዘቡ ገና አልሞላም። «ታዲያ መቼ ትገጥመዋለህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ሲሞላ ነዋ!» አለን። እኛም በዚህ መልሱ ደስ ብሎናል።

ውድ ጓደኞቻችን፤ በፊዚክስ ክፍል ስለ አየር ግፊት ስንማር ለፈተና ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለን ነበር። ያ ትምህርት በጊዜው ትዝ ቢለን ኖሮ ይህ ፒስተን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ባልተቀመጠ፤ ያን ቀን ባጨበጨብንበት እጃችን መለኪያ ብንይዝ ይሻል ነበርና። ከእንግዲህ መኪናውን ይዞ ክበባችን የሚመጣ ወላጅም ሆነ ጓደኛ ቢኖር የሲሊንደሮቹን የመጭመቅ ኀይል ያለ ክፍያ እንለካለታለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ ጀምሮ በወርክሾፑ በር ላይ ታገኙናላችሁ።