የእንቁላል ቀረጥ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ድምፅ ከምንሰጥባቸው ጉዳዮች አንዱ «በወርሃዊ ባዛራችን ከአባላት በቀር ማንም አይሽጥ» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያነሡት ዶሮ አርቢ እህቶቻችን ምክንያት አላቸው። ገበያው ቀዝቅዟል፣ መኖ ተወዷል፣ የጎረቤት ሰፈር ማኅበር ደግሞ እንቁላሉን ከእኛ አሳንሶ ይሸጣል። ከመወሰናችን በፊት ስለ እንቁላል አንድ ታሪክ እናንሣ።

እ.ኤ.አ. በ1929 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ሁቨር፣ ከሺህ የሚበልጡ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እንዳይፈርሙ እየለመኗቸው፣ ስሙት ሐውሊ የተባለውን የቀረጥ ሕግ ፈረሙ። ከውጭ በሚገባ እንቁላል ላይ የነበረው ቀረጥ በደርዘን ከ8 ሳንቲም ወደ 10 ከፍ አለ። ሁለት ሳንቲም ምን አላት? ካናዳ ግን ዝም አላለችም፤ የራሷን ከ3 ወደ 10 ሳንቲም አደረሰችው። በ1929 ከ900 ሺህ ደርዘን በላይ የአሜሪካ እንቁላል ካናዳ ገብቶ ነበር፤ በ1932 ወደ 14 ሺህ ገደማ ወረደ። በሩ የተዘጋው በካናዳ ገበሬ ላይ ነበር፤ የአሜሪካው ገበሬም ገበያውን አጣ። ድቀቱን ቀረጡ አመጣው ማለታችን አይደለም፤ የባንኮች መክሰርና የገንዘብ መጥፋት ይበልጡ ነበር። እሱ አባባሰው።

ይህን የሚያውቁት የ20ዎቹ አገሮች መሪዎች በኖቬምበር 2008 ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው፣ ለ12 ወራት አዲስ የንግድ እንቅፋት ላለማቆም ቃል ገቡ። ወራት ሳይቆይ የዓለም ባንክ ሲቆጥር 17ቱ ንግድን የሚገድብ እርምጃ ወስደው ተገኙ። (እነሱ ካልቻሉ እኛ መፈተናችን አይገርምም።) ያም ሆኖ እንደ 1930ዎቹ በር ሁሉ አልተዘጋም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁት እህቶቻችን በዚያው በጎረቤት ማኅበር ባዛር ይሸጣሉ። እኛ ብንዘጋ እነሱ ክፍት ይተዉልናል ብለን አናምንም። ስለዚህ ኮሚቴው ክልከላውን አይደግፍም። በምትኩ ከቁጠባችን ብድር ወጥቶ መኖ በጅምላ በጋራ እንዲገዛ ሐሳብ አቅርበናል።

ዶሮ አርቢዎቹ ግን መኖው እስኪገዛ መጠበቅ አንችልም፣ ዶሮዎቹን እስከዚያ ምን እናብላቸው ብለዋል። ለዚህ ገና መልስ የለንም። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መድረኩን ለእነሱ እንለቃለን።