ሜዳ የተዋሰ ክለብ፦ የቱን እግር ኳስ ታሪክ



የስዊዘርላንድ እግር ኳስ ሲነሣ ባዝል፣ ዙሪክና በርን ይጠራሉ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከበርን በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ስለምትርቀው ስለ ቱን ነው። ቱን የአሬ ወንዝ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ የተቆረቆረች፣ አልፕስ ፊት ለፊቷ የተደረደረላት፣ ነዋሪዋ ከ40 ሺህ ብዙም የማይዘል ከተማ ናት። ስዊዞች በወታደር ማሠልጠኛዋ ያውቋታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክለቡ የተመሠረተው በ1898 ነው። በዚያ ዘመን ከእንግሊዝ የመጣው ጨዋታ በስዊዘርላንድ ሥር ሰድዶ ነበር፤ ሴንት ጋለን ከ1879፣ የዙሪኩ ግራስሆፐር ከ1886 ጀምሮ ነበሩ። በአንድ ዓመት ልዩነት፣ በ1899፣ ሃንስ ጋምፐር የተባለ ስዊዛዊ ስፔን ውስጥ ባርሴሎናን መሠረተ። የበርኑ ያንግ ቦይስ ደግሞ የቱን እኩያ ነው፤ እሱም የ1898 ልጅ ነው። እኩያ ይሁኑ እንጂ ዕድላቸው ለየቅል ሆነ። ያንግ ቦይስ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደርብ፣ ቱን በ1954 ወደ ከፍተኛው ሊግ አድጎ በዓመቱ ተመልሶ ወረደ። በ1955 ለስዊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ቢደርስም በላ ሾ ደ ፎን 3 ለ 1 ተረታ። ዳግም ወደ ላይ የወጣው በ2002 ነው። በመካከል ያለውን ግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ ልዝለለው፤ የታችኛው ሊግ ኑሮ የትም አገር ያው ነው።

ወደ 2005 ልምጣ። ቡድኑን ያነጸው አሠልጣኝ ሃንስፔተር ላቱር በውድድር ዓመቱ አጋማሽ ወደ ግራስሆፐር ሄደ፤ ኡርስ ሾነንበርገር ተተካ። መሪ በመንገድ ሲለወጥ ቡድን መናጋቱ የተለመደ ነው፤ ቱን ግን ከባዝል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ለሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በቃ ማለት ነው። ከዲናሞ ኪየቭ ጋር ከሜዳው ውጪ 2 ለ 2 ተለያይቶ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ የስዊድኑን ማልሞን እዚያው አገሩ 1 ለ 0፣ በመልሱ 3 ለ 0 ረታ። አርሰናል፣ አያክስና ስፓርታ ፕራግ ካሉበት ምድብ ተደለደለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክለቡ የሚጫወትበት ላኸን የተባለው አሮጌ ሜዳ ለዚያ ደረጃ አይመጥንም ነበር። ስለዚህ ቱን ዓለም ያየውን ትልቁን ድግሱን የደገሰው በጎረቤት አዳራሽ ነው፤ በዚያው ዓመት በርን ውስጥ በተከፈተው በያንግ ቦይስ አዲስ ስታዲየም። የገዛ ተቀናቃኙ ቤት መሆኑን አትርሱ። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፤ ከቱን ሕዝብ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው።

መስከረም 14 ቀን 2005 ለንደን፣ ሃይበሪ። አርሰናል በዚያ ሜዳ የሚጫወትበት የመጨረሻው የውድድር ዓመት ነበር። የአርሰናሉ ቫን ፐርሲ ከዕረፍት በፊት እግሩን ከፍ አድርጎ የቱኑን አለን ኦርማን በመምታቱ በቀይ ካርድ ወጣ። ከዕረፍት መልስ ጂልቤርቶ ለአርሰናል አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የቱኑ ኔልሰን ፌሬራ አቻ አደረገ። ጨዋታው በዚያ ሊያበቃ ሲል በጭማሪ ሰዓት ዴኒስ ቤርካምፕ ለአርሰናል 2 ለ 1 አደረገው። አርሰናል በዚያ ዓመት ፓሪስ ላይ ለፍጻሜ እስኪቀርብ ድረስ መረቡ የተደፈረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱን ያገባው አያክስ፣ ሌላውን ያገባው ፌሬራ ነው። ሪያል ማድሪድና ዩቬንቱስ እንኳ ያልቻሉትን ማለት ነው።

በኅዳር አርሰናል በርን ሲመጣ የቱኑ ካሜሩናዊ ተከላካይ አርማንድ ዴውሚ ገና በ8ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። ዐሥር ሆነው እስከ 88ኛው ደቂቃ ተቋቋሙ፤ የአርሰናሉ ፒሬስ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። እኔን ከሃይበሪው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ሽንፈት ነው። ስፓርታን 1 ለ 0 አሸንፈው፣ ፕራግ ላይ ያለ ግብ ተለያይተው በ4 ነጥብ ሦስተኛ ሆኑ። ወደ ዩኤፋ ዋንጫ ተሻግረው ሐምቡርግን በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 ቢረቱም በመልሱ 2 ለ 0 ወደቁ።

ይህን ዘመን ተአምር ይሉታል። እኔ በዚህ ቃል አልስማማም፤ ተአምር ሲባል ማግስቱ ይረሳልና። አጥቂው ማውሮ ሉስትሪኔሊ በጥር ወር በዚያው ምድብ የገጠሙትን ስፓርታ ፕራግን ተቀላቀለ። በዚያው የውድድር ዓመት ሾነንበርገርም ከቦታው ተነሣ። ትንሽ ክለብ ባሸነፈ ቁጥር ለገበያ ይወጣል፤ ጥፋተኛ የለበትም፣ አሠራሩ ነው። በ2007 መጨረሻ ደግሞ ተጫዋቾችን የነካ የወንጀል ምርመራ የክለቡን ስም አጎደፈ። በ2008 ቱን የሊጉ ግርጌ ሆኖ ወረደ። አርሰናልን ካስጨነቀ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ወጣቱ ሙራት ያኪን አሠልጣኝ ሆኖ በ2010 መለሰው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2011፣ ክለቡ ወደ 10 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ አዲስ ስታዲየም ገባ። ስታዲየሙ ከገበያ ማዕከል ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ይህን የሚንቁ አሉ፤ ኳስና ሱቅ ምን አገናኛቸው ይላሉ። እኔ ግን በክለቡ ታሪክ ከሃይበሪ ምሽት የሚበልጥ ቀን ምረጥ ብባል ወደዚህ ስታዲየም የገባበትን እመርጣለሁ። አውሮፓ ዳግም ሲጠራው የሰው በር ማንኳኳት ቀርቶለታል፤ በ2013 በዩሮፓ ሊግ የምድብ ጨዋታዎቹን በገዛ ሜዳው አድርጓል።

መውደቁ ግን አልቀረም። በ2019 ለስዊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በባዝል 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በ2020 ከሊኽተንስታይኑ ፋዱዝ ጋር በተደረገው የመለያ ጨዋታ ተረትቶ እንደገና ወረደ። በዚህ ጊዜ ግን ክለቡን የያዙት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ልብ በሉ። ፕሬዚዳንቱ አንድሬስ ጌርበር በሻምፒዮንስ ሊጉ ቡድን የመሐል ሜዳ ተጫዋች ነበር። በ2022 አሠልጣኝ ሆኖ የመጣውም ያው ወደ ፕራግ ሄዶ የነበረው ሉስትሪኔሊ ነው። የ2005 ቡድን በጥቂት ወራት ቢበተንም፣ በዚያ ዓመት የለበሱትን ማሊያ ያልረሱ ሁለት ሰዎች የክለቡን ቢሮና የመልበሻ ክፍል ተረክበው በ2025 የሁለተኛውን ሊግ ዋንጫ አንሥተው ቱንን ወደ ከፍተኛው ሊግ መለሱት።