የሌጎ ባቡር መጋጠሚያ
(ለወላጆችና ለልጆች የተደረገ አጭር ንግግር)



ከታልፒዮት ወርዳችሁ በፓርክ ሃመሲላ ስትንሸራሸሩ የምትረግጡት የያፎ–ኢየሩሳሌም ባቡር መንገድ ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ልክ እንደ አሮጌው የጅቡቲ–አዲስ አበባ። ከ1998 ወዲህ ባቡር አያልፍበትም።

ልጄ ያንን ባቡር በሌጎ ሠራው። ፉርጎዎቹ ግን ተራርቀው ቆሙ። በእውነተኛው ፉርጎ ግራና ቀኝ ያሉት ክብ የብረት መጋጫዎች ይነካካሉ፣ መሐሉን መንጠቆ ይይዘዋል። ሌጎው በማግኔት ስለሚያያዝ ክፍተቱ ይሰፋል። እኛም ማግኔቱን አውጥተን በአጭር ዘንግ አገናኘናቸው። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ እንዴት አማረ! ጥምዙ ላይ ግን የፉርጎዎቹ ማዕዘን ተጋጭቶ ሁሉም ተገለበጠ። የተለመደው የሌጎ ጥምዝ ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ 32 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና። ዘንጉን ትንሽ አስረዘምን፣ ጫፎቹም እንደ ልብ እንዲዞሩ አደረግን። እናንተም መጀመሪያ ጥምዙ ላይ በእጃችሁ እየገፋችሁ ሞክሩት። ለሎኮሞቲቩ ማግኔቱን ተዉለት፣ ለመፍታት ይመቻል።

አደራ ግን! ከአሮጌ መጋጠሚያ የወለቀ ማግኔት መሬት አይጣል። ሕፃን ሁለት ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት። እኛ ቤት አንዱ ጠፍቶ ትንሿን ልጅ እያየን ስንጨነቅ፣ ሶፋው ሥር ተገኘ። አሁን በቡና ጣሳ ተከድነው ቁም ሳጥን ላይ ናቸው።