የጣት አሻራ ሰዓት መመዝገቢያና የሠራተኛው ደመወዝ

(በአምቦ ከተማ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦ፣ እንዲሁም በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ በየሥራው ቦታ እየገባ ስላለው ዲጂታል አሠራር እንድናገር ታዝዣለሁ። ነገሩ ሰፊ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን በመደረጉ፣ የማደያው ቀጂ ሌሊት ገንዘብ ታቅፎ ከማደር ድኗል፤ ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜ ግን የባለመኪናውን ቁጣ የሚቀበለው እርሱው ነው። እኔ ዛሬ ማተኰር የምወደው በር ላይ በምትሰቀለው በጣት አሻራ ሰዓት መመዝገቢያ ላይ ነው።

ይህች መሣሪያ የምታውቀው አሻራውንና ደቂቃውን ብቻ ነው። ከደመወዝ ጋር የሚያገናኛት በኮምፒዩተር ላይ የሚጻፈው ደንብ ሲሆን፣ ደንቡንም የምንጽፈው እኛ ነን። ባየኋቸው አንዳንድ ድርጅቶች ሠራተኛው ጠዋት የዘገየበት ደቂቃ በቀጥታ ከደመወዝ መዝገብ ይገባል፤ ማታ የቈየበት ጊዜ ግን እንዳይቈጠር ታዝዞ ይቀራል። መሣሪያዋስ መውጫውንም እንደ መግቢያው አጥርታ መዝግባዋለች።

ስሌቱን እንመልከት። በወር 5,200 ብር የሚከፈለው፣ በቀን 8 ሰዓት 26 ቀን የሚሠራ ሰው የሰዓት ዋጋው 25 ብር ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ቢያመሽ በወሩ 13 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚታሰብ፣ 487 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሰዋል። አሠሪው «ትርፍ ሰዓት በትእዛዝ እንጂ በማምሸት አይገኝም» ይላል፤ በዚህ እውነት አለው። ሆኖም ያው አዋጅ ትእዛዙም የተሠራውም ሰዓት እንዲመዘገብ አሠሪውን ያስገድዳል። እያዩ ዝም ብሎ ማሠራት ከትእዛዝ ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም የሚለውን ለሕግ ባለሙያዎች እተወዋለሁ።

ሌላም ችግር አለ። ከአምቦ የድንጋይ ካባ አንሥቶ እስከ አዳ በርጋ ሲሚንቶ ድረስ ብዙ ሰው በእጁ ያድራል። ድንጋይና ሲሚንቶ የሚነካ ጣት አሻራው ይሟጠጣል፤ መሣሪያዋም ትለየው ዘንድ ይሳናትና በሥራው ላይ የዋለው ሰው «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል። የሥራ መሪው ካላረመለት የቀኑ ደመወዝ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ መሣሪያዋ ከመሰቀሏ በፊት የስሌቱ ደንብ በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የሠራተኞች ተወካይም ይፈርምበት። እያንዳንዱ ሠራተኛ ደመወዙን ሲቀበል የወሩ መግቢያና መውጫ ሰዓቱ ታትሞ ይሰጠው። አሻራው ለማይነበብለትም የድሮው የፊርማ መዝገብ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ።