ቃል የተገባ ገንዘብና በእጅ የገባ ገንዘብ



የበጎ አድራጎት ሥራ የሚፈርሰው ለጋሽ በመጥፋቱ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ገንዘቡ የሚመጣበት ቀንና ወጪው የሚፈለግበት ቀን ሳይገናኙ ቀርተው ነው። በውል ወረቀት ባለጠጋ የሆነ ማኅበር፣ ወር ሲያልቅ ለሞግዚቲቱና ለወጥ ቤቲቱ የሚከፍለው አጥቶ ደጁን ሊዘጋ ይችላል። ሕፃናቱ የሚሹት የዕለቱን እንጀራ ነውና ውሉ አያጠግባቸውም። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ይስማማል።

የለጋሾች አሰጣጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገንዘቡን ከሥራው አስቀድሞ በየጊዜው ከፍሎ መላክ ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ ከራሱ አውጥቶ ሥራውን ከፈጸመና ደረሰኙን ካቀረበ በኋላ ወጪውን መተካት ነው። በሁለተኛው ምትኩ በዘገየ ቍጥር ማኅበሩ ባለዕዳ ይሆናል። በአንደኛውም ቢሆን፣ የፊተኛው ክፍያ ሒሳብ ተመርምሮ ካልጸደቀ የኋለኛው ብዙ ጊዜ አይላክም። ስለዚህ የዘገየ ሒሳብ የዘገየ እንጀራ ይሆናል።

ይህም በቅርብ ዘመን ታይቷል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግሥት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለውጭ አገር የሚሰጠው የልማት ርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም አዘዙ። ከዚያ በኋላ ተሠርቶ ላለቀ ሥራ የሚገባው ክፍያ እንኳ ታገደ። ክርክሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የበታች ፍርድ ቤት 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈል የሰጠውን ትእዛዝ ዳኞቹ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሳይሽሩት ቀሩ። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ስድስት ሳምንት አልፎ ነበር። የስድስት ሳምንት ስንቅ ለሌለው ማኅበር የዘገየ ፍርድ ምን ይረባዋል?

ሌላው አደጋ የምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን በንግድ ባንክ ከ74 ብር በላይ ሆነ። ርዳታውን በዶላር ለሚቀበል ብሩ በረከተለት፤ በብር ቃል ተገብቶለት መድኃኒት ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ ግን ያው ገንዘብ አነሰበት።

እንግዲህ አስተዋይ መጋቢ አራት ነገር ይጠብቃል። አንደኛ፣ የ12 ወር ሰሌዳ አዘጋጅቶ የእያንዳንዱን ወር ገቢና ወጪ ይጽፋል፤ ያልደረሰውንም ገንዘብ እንደ ደረሰ አይቈጥርም። ሁለተኛ፣ ውል ሳይፈርም የመጀመሪያው ክፍያ ከሥራው እንዲቀድም ይጠይቃል፤ የምንዛሪው ጕዳት በማን ላይ እንደሚወድቅም ያስጽፋል። ሦስተኛ፣ ከአባላት መዋጮ ጥቂት በጥቂት እያጠራቀመ፣ ቢቻል ለሦስት ወር ደመወዝና ቀለብ የሚበቃ መጠባበቂያ ያኖራል። አራተኛ፣ ለጕድጓድ ውኃ የተሰጠውን ለትምህርት ቤት አያውልም፤ በብድር ስም ቢወስደውም ሁለቱ ሥራዎች አብረው ይወድቃሉና።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለጋሹን እንደ መጠርጠር ሊቈጠር አይገባም። ለጋሹ ቃል የገባው ለማኅበሩ ነው፤ ለድኻው ቃል የገባለት ግን ደጁን የከፈተለት ማኅበር ነው። ለጋሹ ቢቀር ድኻው የሚመጣው ወደዚያው ደጅ ነውና፣ መጋቢው ደጁን ከመክፈቱ በፊት እስከ መቼ ክፍት ሊያቈየው እንደሚችል ይቍጠር።