በአስር ብሯ ጀርባ ያለው ትራክተር

እህቶቼ፣ ንግግር ብዙ አልችልም፣ የተማርኩትም እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ግን ይህችን አሮጌ አስር ብር ይዤላችሁ መጣሁ። በ2012 ከአገር ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረች ናት። በ2013 ብር ሲቀየር እኔ እዚህ ማስካት ሰው ቤት ነበርኩ፣ እሷም ሳትቀየር ቀረች።

እስኪ እያያችሁ አሳልፏት። በፊቷ በኩል ሴት ስፌት ትሰፋለች፣ በጀርባዋ ትራክተር ያርሳል። በአሮጌው መቶ ብር ላይ ደግሞ ገበሬው በሬ ጠምዶ ነበር። እንዲህ ያለው ስዕል መጀመሪያ ብረት ላይ መስመር በመስመር ተቀርጾ ነው የሚታተመው። ቀራጩ ብዙ ለፍቷል። ትራክተሩ የማን እንደሆነ ግን ከስዕሉ አይታወቅም።

እኔ የአርሲ ልጅ ነኝ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። እርሻው ሲያተርፍ ግን ባለመሬቶቹ ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጢሰኛ አፈናቀሉ። አያቴም ከተነሱት አንዱ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ነው ጢሰኝነት የቀረው።

በእኔ ጊዜ ደግሞ ኮምባይነር መጣ። እናቴ የሰው ስንዴ እያጨደች ነበር ያሳደገችን። ወገቧ አረፈ፣ የቀን ገቢዋም አብሮ ቀረ። እኔም ተሰደድኩ።

ማሽን ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ባለፈው ወር ወንድሜ ደውሎ «ለመውቂያ ማሽን ብር ላኪ፣ እያከራየን እንሠራበታለን» አለኝ። ሐሳቡን ወደድኩት። ግን ከዚህ በፊት ለበሬ የላክሁት ብር ምን ላይ እንደዋለ እስካሁን አላውቅም። ስለዚህ «ግማሹ በስሜ ይሁን፣ ውል እንጻፍ፣ ምስክርም ይኑር» አልኩት። እናቴ «በእህትና በወንድም መሀል ደግሞ የምን ወረቀት ነው?» ብላ አዘነችብኝ። ወንድሜም ሦስት አርብ ሙሉ ስልክ አላነሳልኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌሊት አልቅሻለሁ። ብሩን ግን አልላክሁም።

እህቶቼ፣ በሬም ሆነ ማሽን ስትገዙ፣ ቤትም ስታሠሩ፣ ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንዳለ ጠይቁ። የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። መጠየቅ ቤተሰብን መጥላት አይደለም። እኛ የሰው ቤት ወለል ስንወለውል የኖርነው ስማችን የትም ሳይጻፍ እንድንመለስ አይደለም።

አስር ብሬን መልሱልኝ እንግዲህ!